ዛሬ ተዋት

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ከሰዓት በኋላ የድራማ ክበቡ ትርኢት ነበር። ሰናይት ማንኪያ እንደ ማይክ ጨብጣ መድረክ ላይ ወጣች። ልክ እንደ እኔ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በእኔው ድምፅ «ተማሪዎች፣ ዛሬ ተዋት የደረሱን ዜናዎች» አለች። «ጠዋት» ማለት ሲያቅተኝ መሆኑ ነው። ሜዳው ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ስሜን አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም፤ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ዜና የማነብ አኙዋ እኔ ብቻ ነኝ።

ያቃጠለኝ የእነሱ ሳቅ አይደለም። እኔ ማይክ ላይ «ጠዋት» ብዬ አላውቅም። «ጠ» አፌ ውስጥ ሲገባ «ተ» ስለሚሆንብኝ ሁልጊዜ «ማለዳ» ነው የምለው። ስሳሳት የሰማችኝ ሰናይት ብቻ ናት፤ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን፣ እጄን ጉሮሮዋ ላይ አስቀምጣ ስታለማምደኝ። ያኔ አንድም ቀን ስቃብኝ አታውቅም። ለካ እሷም እኔን እያጠናች ነበር!

ስንለቀቅ ከጋትሉዋክ ጋር ወደ ኒውላንድ ሰፈር መንገድ ጀመርን። የክፍሌ ልጅ ነው፤ ኑዌር ስለሆነ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ሰናይት ከኋላችን «አጁሉ! አጁሉዬ! ቀልድ እኮ ነው!» እያለች ትሮጣለች። ጋትሉዋክ ቆም አለና «እየጠራችሽ ነው፣ እንጠብቃት?» አለኝ።

«ተዋት» አልኩት።

ይቺን እንኳ አልተሳሳትኩም።