አልያኒኮ ያለ በግ

ኦሮንዛ እህቴ፣

ከሙሽራዋ አገር ከባሪሌ ነው የምጽፍልሽ፤ ደስታው መቀመጫ ነስቶኛል! የልጄ የፒየሮዬ እጮኛ አባት፣ ያ «ልጄን ሩቅ አልድርም» ሲል የከረመው ዶናቶ፣ ምሳ ላይ የአገሩን ቀይ ወይን፣ አልያኒኮውን ቀዳልኝ። እኔም ከጭንቀቴ የተነሳ የኛው አገር ለስላሳ ወይን፣ ፕሪሚቲቮ፣ መስሎኝ ምግብ ሳልቀምስ ጨለጥኩት። አፌ ያልበሰለ የወይራ ፍሬ እንደነከሰ ሰው ተኮማተረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ የሚጠጣው ከበግ ሥጋ ጋር ነው!» ብሎ ሳቀና ከራሱ ሳህን ሥጋ አወጣልኝ። በልቼ ወይኑን ስደግመው እንደ ሐር ለሰለሰ። ያጠናሁት ንግግር ጠፍቶኝ፣ አፌ እንደሞላ «ልጅህን ስጠን» አልኩት።

ሳቁን አቆመ። «በየሳምንቱ ለእሑድ ምሳ ከነባሏ ከመጣችልኝ ውሰጃት» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ፤ ለሠርጉ የምትለብሺውን ቀሚስም አሰፊ። እሑድ እሑድ ከኳስ የማይነቃነቀውን ፒየሮን ሳላማክር እሺ ብያለሁ!

ኮዚማ