የዶክተር ፒዮን ክብ ያሳበጥኩት እኔ ነኝ

ለክቡር ዶክተር ሶኑ ኪሆ
የጠረፍ ባሕር እርሻ ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የማያስቸግርዎ፣ የቢሮዎም የወለል ማሞቂያ በዚህ ብርድ ለአፍታ እንኳ የማይቋረጥብዎ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ታክ ቦንግሱ እባላለሁ። በሶልጌ መንደር ጊም አመርታለሁ፤ እርስዎ ምሳዎ ላይ ሩዝ የሚጠቀልሉበት የባሕር ቅጠል ምናልባት ከኔ መረብ የወጣ ይሆናል። የአገሪቱን የሳይንስ ካርታ በአንድ ክረምት የለወጥኩ ሰው ነኝ። የአገሪቱን ያልኩት እንኳ ትንሽ በዝቷል፤ የእርስዎን ተቋም ካርታ ነው፤ እሱንም ቢሆን የታችኛውን ቀኝ ጥግ ብቻ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ማንም አላገዘኝም፤ በስድሳ ሰባት ዓመቴ የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ፤ ከወንዶችም አንደኛ ወጥቻለሁ። በክፍሉ የነበረው ወንድ እኔ ብቻ ነኝ።

ብዕር እንዳነሳ ያስገደደኝ በዶክተር ፒዮ ዮንጁ ላይ የጻፉት የእገዳ ደብዳቤ ነው። ጽሑፋቸው በብዙ ሰው የተጠቀሰ እንዲመስል በማታለል አስደርገዋል ተብለው፣ ከቢሮም ከባሕር እርሻም እንዳይደርሱ ታግደዋል፤ በመጪው ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ ከሥራ መባረራቸው አይቀርም እየተባለ ነው። ያስደረጉት እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። እርስዎ ዘንድ ያለ ቁጥር የሚታመን ነገር እንደሌለ ስለማውቅ፣ ጥፋቴንም ምስጋናዬንም በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ባለፈው መከር ወደ መንደራችን አዳራሽ ድረስ ተጉዘው ካርታዎን ስላሳዩን እጅግ አመሰግናለሁ። ቢብሊዮሜትሪክ ትንተና ይባላል አሉን። ማን ምን እንደ ጻፈ፣ ማንስ የማንን ጽሑፍ እንደ ጠቀሰ ማሽን ይቆጥርና፣ ምርምር ወዴት እየሄደ እንደሆነ በቀለማት ክቦች ያሳያል፤ ብዙ የተጠቀሰው ያብጣል፣ ያልተጠቀሰው ይጠፋል። ውብ ነበር፤ የተበተነ የዓሣ እንቁላል ይመስል ነበር። እጄን አውጥቼ፣ «የኛ ዶክተር የቱ ጋ ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎም በትሕትና፣ «ዶክተር ፒዮ ሰሞኑን በካርታው ላይ አይታዩም» ብለው መለሱልኝ። ያን ጊዜ የክፍል ጓደኛዬ እማማ ቾምሱን ከወንበራቸው ሳይነሱ፣

«መነጽርህን ጥረገው ልጄ፤ ያቻትና ከኋላ ተቀምጣለች» አሉ።

«እማማ፣ እሳቸው የሚያዩት በማሽን ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ማሽኑን ይጥረገዋ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ዞር ስል ዶክተሯ አንገታቸውን ደፍተው የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ፤ አልወርድም ብሎኛል።

፪ኛ. ከካርታው የጠፉት ለምን እንደሆነ አልመረመሩም፤ ሥራ ስለሚበዛብዎ እኔ ልንገርዎ። ዶክተር ፒዮ ጊማችንን የሚጨርሰውን ቀይ ብስባሽ የሚባል በሽታ ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀድሞ በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር መጽሔት ነበር የሚጽፉት፤ ክባቸውም የጥቅል ጎመን ያህል እንደነበረ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ፊደል የለየሁ ሰሞን እብሪት ያዘኝ። የመንገድ ማስታወቂያ ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ካላነበብኩ አላልፍም ነበር። አንድ ቀን ጀልባ ማሰሪያው ላይ አገኘኋቸውና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዶክተር፣ ማንበብ ተምረን የምናነበው አጣን እኮ። የኛን በሽታ ለፈረንጅ ነው እንዴ የሚያወሩት?» አልኳቸው።

ለቀልድ ያህል ነበር። ዶክተሯ ግን ቀልድ አያውቁም። ትንሽ አሰቡና «እውነትዎን ነው፣ አቶ ታክ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጊዜያቸውን ሁሉ ለኛ ሰጥተው፣ መረብ መቼ ከውኃ ወጥቶ አየር ማግኘት እንዳለበት፣ ቀይ ነጥብ ሲታይ በመጀመሪያ ምን እንደሚደረግ፣ በኛው ቋንቋ፣ በጉልህ ፊደል፣ በየወሩ ወረቀት እያወጡ ሲያስተምሩን ቆዩ። የኔ ጊም ከብስባሽ ዳነ። የእሳቸው ክብ ግን እየከሳ እየከሳ ሄዶ ጠፋ። ማሽንዎ እንዲህ ያለውን ወረቀት ዞር ብሎ እንደማያይ ዶክተሯ ያውቁ ነበር፤ እያወቁ ነው የጻፉልን። አንድም ቀን አልነገሩኝም። በዚህ ጉዳይ እርስዎን አልወቅስም፤ ልወቅስዎ ፈልጌ ነበር፤ ግን ዓረፍተ ነገሩን በጀመርኩት ቁጥር የሚያልቀው በራሴ ስም ነው።

፫ኛ. አሁን ወደ ዋናው ወንጀል ልምጣ። ከአዳራሹ በማግስቱ ክፍል ገብቼ «የጎደላቸው መጠቀስ ብቻ ከሆነማ እኛው እንጠቅሳቸዋለን» አልኩ። የማታ ተማሪዎች ትምህርት ስንጨርስ ግጥም እንጽፋለን፤ የአውራጃው ቤተ መጻሕፍትም አሳትሞ ያስቀምጥልናል። በዶክተሯ ወረቀት ግርጌ ደግሞ «ይህን ጽሑፍ ሲጠቅሱ እንዲህ ብለው ይጻፉ» የሚል መስመር አለ። እኛ የተማርነው የተጻፈውን ሳናዛንፍ መገልበጥ ነው። ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ በየግጥሙ ግርጌ ገለበጠው። እማማ ቾምሱን ስለ ሟች ባላቸው ጽፈው ሲያበቁ ትንሽ አመነቱ።

«የኔ ሽማግሌ የሞተው በጉበት ነው። ቀይ ብስባሽ መች ነካው?» አሉኝ።

«ግድ የለም፣ ይጻፉት እማማ፤ ማሽን ምን ያውቃል» አልኳቸው።

እርስዎም በበኩልዎ የተቋሙ ክቦች እንዲፋፉ ብለው፣ ማሽኑ የአገር ውስጥ ቤተ መጻሕፍትን ጭምር እንዲለቅም አዘው ኖሯል፤ ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ማሽኑ የግጥም መጽሐፋችንን ከነልባሱ ዋጠው። በአዲሱ ካርታ ላይ፣ ከሁሉ ተነጥሎ፣ የታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ወጣ፤ «ቀይ ብስባሽ» ከ«ጉልበቴ»፣ ከ«ምራቴ» እና ከ«ሟች ባሌ» ጋር በመስመር ተሳስሮ። ባለሙያዎችዎ «አዲስ በመብቀል ላይ ያለ የምርምር አቅጣጫ» ብለው ሰየሙት። እርስዎም ሴኡል ድረስ ይዘውት ሄደው በጉባኤ ላይ በኩራት አቀረቡት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ግጥሞቹን አነበባቸው። በተቋምዎ ማንበብ የሚችል ሰው መኖሩን በማወቄ የተሰማኝን ደስታ በቃላት ልገልጸው አልችልም። ጉባኤው ላይ ያፈሩት እርስዎ ሆነው ሳለ የታገዱት ዶክተር ፒዮ መሆናቸው ግን፣ እንደኔ ላለ አዲስ ተማሪ፣ ጥቂት ይከብዳል።

አራተኛ ቁጥር ልጽፍ አስቤ ነበር፤ የቀረኝ ግን ልመና ብቻ ስለሆነ ቁጥር አያስፈልገውም። ዶክተሯ ምንም አያውቁም። ነገሩን የሰሙ ዕለት የጊም ማድረቂያዬ ድረስ መጥተው፣ «አቶ ታክ፣ ማን አድርጉ አላችሁ? ስሜን አጠፋችሁት እኮ!» ብለው እስኪንቀጠቀጡ ጮኸውብኛል። ሐሙስ ዕለት የምርቃት ጋዋኔን ለብሼ ከኮሚቴው በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ያስገቡኝና ይጠይቁኝ። ክቡን ይፋቁት፤ ግጥማችንንም ከፈለጉ ይፋቁት፤ እማማ ቾምሱን እንደሆኑ በቃላቸው ይዘውታል። ሰውየዋን ግን ይተዉልን። የኛን ፊደል መረጡ እንጂ ሌላ ጥፋት የለባቸውም፤ እሱንም ያስመረጥኳቸው እኔ ነኝ።

ውድ ጊዜዎን ከክቦችዎ ላይ ቀንሰው ይህን ስላነበቡልኝ ግንባሬ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ካርታዎ ሰፍቶ ሰፍቶ አንድ ቀን ሰውም የሚታይበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እጅግ ከከበረ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታክ ቦንግሱ
የሶልጌ መንደር ጊም አምራች፣ የማታ ትምህርት ምሩቅ፣ የአዲሱ የምርምር አቅጣጫ መሥራች

ከደብዳቤው በኋላ የታወሰኝ፦ ከላይ ከጻፍኩት ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር አለ። ዶክተሯ አልጮኹብኝም። ቢቆጡ ንጹሕ መሆናቸው ይታመንላቸዋል ብዬ ነው ያስጮህኳቸው፤ በሐሰት መጥቀስ ላይ የሐሰት ምስክርነት ልጨምርባቸው ነበር፤ ስለዚህ ጩኸቱን ይሰርዙት። እውነቱ እንዲህ ነው፦ መጡ፣ ተቀመጡ፣ «ግጥምዎን ያንብቡልኝ» አሉኝ። ሁለት ቦታ ተደናቅፌ እስከ ግርጌው መስመር ድረስ አነበብኩላቸው። «ደህና ጽፈዋል» አሉ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የጠየቁኝ መረቦቹ ቀይ ነጥብ አሳይተው እንደሆነ ነው። አሳይተዋል። ቀጥሎ ወዴት እንደ ሄዱ ግን፣ በእገዳ ላይ ያሉ ሠራተኛ ስለሆኑ፣ ለእርስዎ አልጽፍም።