ከብስክሌት የወረድኩበት ምክንያት

ውድ ወንድሜ ትዕዛዙ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ዳሌህስ? ልጅህ እታለማሁ በስልክ «አባቴ ደጅ ድረስ መውጣት ጀምሯል» ስትለኝ ደስ አለኝ። የጫግኒ ሙቀት ለአጥንትህ ሳይስማማው አይቀርም። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለቴ ደረጃ ስወጣም ግድግዳ ይዤ፣ ስወርድም ግድግዳ ይዤ ነው። የብስክሌት ውድድሩ ካለፈ ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ጉልበቴ ግን ከመንገድ ገና አልገባም።

ወሬውን ከሰው አፍ ሳትሰማ አትቀርም። መጀመሪያ «አንጋፋዎቹ አኮሩን» ብለውህ ይሆናል። ቀጥሎ ደግሞ «አስማረ አበላሸው» ብለውህ ይሆናል። ሁለቱንም ከእኔው ብትሰማ ይሻላል ብዬ፣ ልብስ ስፌቱን ትቼ ይህን እጽፍልሃለሁ።

የአንጋፋዎችን ምድብ የወለድከው አንተ ነህ። ኮሚቴው ቢሮ እየተመላለስክ «ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ብስክሌት ላይ ቢወጣ ምን ትሆናላችሁ?» ብለህ ተሟግተህ ያስገኘኸው ነው። ዘንድሮ ያስቀመጡትን ቅድመ ሁኔታ ታውቃለህ፤ ከኋላ የቀረውን እየሰበሰበ የሚመጣው መኪና ሳይደርስባቸው ሦስት አንጋፋዎች በተቆረጠው ሰዓት እንጅባራ ካልገቡ ምድቡ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ይቀራል። አንተ ከወደቅህ ወዲህ የቀረነው ደግሞ ሦስት ብቻ ነን፤ እኔ፣ አናጢው አየነውና ከአዘና የሚመጣው ገበሬው ይኸነው። አንዳችን ከጎደልን አለቀ ማለት ነው።

ከዳንግላ ስንነሳ ደህና ነበርኩ። ወጣቶቹ ጥለውን ሄዱ፤ እኛም እንዳስተማርከን ተራ በተራ ከፊት እየሆንን፣ ነፋሱን እየመከትን አዲስ ቅዳምን አለፍን። ገበያ ዳር የቆሙ ሴቶች እልል አሉልን። አንዷማ «አባቶቼ፣ ቀስ በሉ፣ እንጅባራ እንደሆን የትም አይሄድ!» ብላ አሳቀችን። ከዚያ ዳገቱ መጣ።

ዳገቱን ታውቀዋለህ። ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ነው፤ የከሰል ጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ ጫፉ አይታይም። መጀመሪያ ጭኔ ተቃጠለ፤ ቀጥሎ ደንዝዞ ምንም አልሰማህ አለኝ፤ የሚያስፈራው ያኔ ነው። ማርሹን እስከ መጨረሻው አቅልዬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚረዳኝ ነገር የለም። የመኪናው ድምፅ ከኋላዬ ይሰማኛል። አየነው ዞር እያለ «ና እንጂ አስማረ! ትዕዛዙን አስበው!» ይለኛል። አሰብኩህ፤ እግሬ ግን አልሰማ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ አብቅቶልኝ ነበር። እወርዳለሁ፣ መኪናው ላይ እወጣለሁ፣ ምድቡም ይቅር ብዬ ቆርጬ ነበር። ለአንተ ምን እንደምልህ ሁሉ እያሰብኩ ነበር።

አስከሬኑ የመጣው ይሄኔ ነው። ከዲከረንሱ መሃል ባለው መንገድ ወጥቶ አስፋልቱን ያዘ፤ ካህናቱ ከፊት፣ አስከሬኑ በቃሬዛ፣ የሟች ፈረስ ከነጌጡ እየተሳበ፣ ሕዝቡ ከኋላ። እኛ ወደመጣንበት ቁልቁል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት። በእኛ አገር ፈረሰኛ አስከሬን ሲያጋጥመው ከፈረሱ ወርዶ ጥቂት መንገድ ይሸኛል፤ ይህ ለአንተ አይነገርም። ከፊታችን የነበረው ይኸነው ሳያቅማማ ወረደ። የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ብስክሌቱን እንደ ፈረስ እየሳበ፣ የወጣውን ዳገት ከሕዝቡ ጋር ተመልሶ ወረደ። እኔም ወረድኩ። አየነውም ወረደ። የመኪናው ሹፌር እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

እያለቀስኩ ሸኘሁ፣ ትዕዛዙ። ሰው ሁሉ ለሟች ያለቀስኩ መሰለው። እኔ ያለቀስኩት እግሬ መሬት ስለነካ ነው።

ስንመለስ ትንፋሼ ተመልሶልኝ ነበርና እንደምንም ወጣሁት። ሹፌሩም ከዚያ በኋላ ሊያነሳን አልደፈረም። እንጅባራ ስንገባ ሰዓቱ አልፏል፤ ወሬው ግን ቀድሞን ደርሷል። ሕዝቡ አጨበጨበልን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «ለአስከሬን የወረደ ሰው ዘገየ አይባልም፤ ሦስቱም በሰዓቱ እንደገቡ ይቆጠራል፤ ምድቡም ይቀጥላል!» አለ። አየነው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን ዝም ማለት ደስ ይል ነበር።

በሠልስቱ ሦስታችንም ለቅሶ ቤት ሄድን። ሟቹ ዓባይነህ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ስንገባ ከተቀመጠበት ተነስቶ ከሽማግሌዎቹ መሃል አስቀመጠን። «አባቴ ፈረሰኛ ነበር» አለኝ። «ውድድራችሁን ትታችሁ ሸኛችሁልኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ክብር አለ?» ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያየኛል። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ስንወጣ ለምን እንደወረድኩ እውነቱን ለሁለቱም ተናገርኩ።

«እኔስ ለምን የወረድኩ መሰለህ?» አለ አየነው ተቆጥቶ። «ወገቤ ተቆርጦ ነበር! ግን አፌን ዘጋሁ። አንተም ዝጋ!»

ይኸነው ግን «ሟች እንደሆን ለምን ወረዳችሁ ብሎ አይጠይቅ። ተውት በቃ» አለ።

ልክ ነው፣ ሟች አይጠይቅም። ልጁ ግን አለ፤ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን ሊስም ነው። ይህን አልቻልኩትም። በማግስቱ ኮሚቴው ቢሮ ሄጄ «ደክሞኝ ነው የወረድኩት፤ አስከሬኑ ባይመጣም አልገባም ነበር፤ ስሜን ፋቁልኝ» አልኩ። ሰብሳቢው አይቶ አይቶኝ «ምናለ ባትነግረኝ?» አለኝ። ስሜ ተፋቀ፤ ሁለት ሰው ቀረ፤ ምድቡም ቀረ። አየነው ከዚያ ወዲህ ሱቄን ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል።

እንግዲህ ይኸው ነው። የለፋህበትን ነገር በእግሬ ሳይሆን በአፌ አፈረስኩብህ። ተሳስቻለሁ ልልህ አልችልም፤ ቢደገምም እንዲሁ የማደርግ ይመስለኛል። ግን አዝኛለሁ። ደክሞኛልም፣ ትዕዛዙ፤ ጉልበቴ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ በሚኒባስ ጫግኒ እመጣለሁ። እስከዚያ አደራህን አትደውልልኝ፤ ኔትወርኩ መሃል ላይ ይቋረጥና ቁጣህን ጨርሰህ ይሁን ሳትጨርስ ሳላውቅ እከርማለሁ። ፊትህ ተቀምጬ እስክትጨርስ እሰማሃለሁ። ልሽሽ ብልም እግር የለኝም።

ደካማው ወንድምህ
አስማረ
ከእንጅባራ