ቀዳዳውን የደፈንሁት እኔ ነኝ

ለአንጓቼ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልሽ ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። በየእሑዱ መቃብርሽ ዘንድ እቆማለሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ ነገሬን ግን ሳልነግርሽ እመለሳለሁ። ትምህርቴ ዳዊት ላይ የቆመ ነውና ጽሕፈቴ ቢጣመም ታገሺኝ። ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ቢያነበውም አልደብቀውም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ጣራውን በአዲስ ሰንበሌጥ አስከደንሁት። የርብ ወንዝ ሞልቶ እስከ ታችኛው ማሳ ደርሶ ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ የዘራሁት ጓያ ግን በደኅና አፈራ። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ልጃችን ሙሉም በጥቅምት በምትኖርበት በአንበሳሜ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ዓይኑ ያንቺ ነው።

አሁን ወደ ጤና አዳምሽ ልምጣ። ከበሩ አጠገብ መደቡ ላይ፣ ባልንጀራሽ ብርቄ በሠራችልሽ ሸክላ የተከልሽው። በመጨረሻው ሳምንትሽ እጄን ይዘሽ «ሙሉ እስክትወልድ አደራ፤ ለልጇ ቆብ ላይ ከዚህ ትስፋለት፣ ከዓይን ይጠብቀዋል» ያልሽኝ። እሺ ብዬሽ ነበር።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ቅጠሉ ላይ ኑግ የተበተነበት ይመስል ጥቁር ነጥብ ወጣበት። ነጥቡ እየሰፋ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፍ ጀመር። ስንዴዬን ዋግ ሲመታው ስንት ዓመት ያየሁ ገበሬ ነኝ። ማሳ ላይ ቢሆን ዋግ ነው እል ነበር። ቤቴ ውስጥ፣ ያውም ያንቺ ነገር ላይ ሲሆን ግን ዋግ የሚባል ነገር ከሐሳቤ ጠፋ። ብርቄ ከጥቂት ቀን በፊት ልትጠይቀኝ መጥታ «ምነው እንዲህ አማረበት» ብላ ነበርና፣ ዓይኗ ነው አልሁ። ለምን እሷን? ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሙሉን ስትወልጂ ወገብሽን ደግፋ ያዋለደችሽ ሴት መሆኗን ማሰብ እንኳ አልፈለግሁም።

ሰው እንዳያየው ጤና አዳሙን አንሥቼ ጓዳ ከጎተራው ኋላ አስገባሁት። ነጠላሽን አለበስሁት። በየማለዳው ጸሎቴን ሳደርስ ከቁሐር ሚካኤል ያመጣሁትን ጠበል ቅጠሉ ላይ እረጭበት ነበር። ጠበሉ በሸክላው ቂጥ ባለው ቀዳዳ እየወጣ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጠበል በእግር ሊረገጥ ነው ብዬ ደነገጥሁ፤ የጧፍ ሰም አሙቄ ቀዳዳውን ደፈንሁት። መንፈሳዊ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አንጓቼ።

ሐምሌ ላይ መንፈቅሽን ሳወጣ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ብርቄ ጠላ በማድጋ አዝላ መጣች። ከበሩ ላይ ተነሥቼ ቆምሁባት። «ብርቄ፣ ከዚህ አትለፊ። ሚስቴ የተወችልኝን አንድ ነገር ዓይንሽ በላው» አልኋት። ማድጋውን ቀስ ብላ አወረደችና «ጤና አዳምን ቡዳ ከበላው፣ እንግዲህ ለልጆቻችሁ ቆብ ምን ልትሰፉበት ነው?» አለች። አንዱ ሳቀ። እሷ ሄደች። ጠላዋን የቀመሰ የለም፤ ማታ አጥር ሥር ደፋሁት።

መስከረም ሲጠባ ቅጠሉ ከጥቂቱ በቀር አልቆ ግንዱ ቀረ። የንስሐ አባታችን ቤት ሲባርኩ፣ የደከምሁበትን ያዩልኛል ብዬ ወደ ጓዳ አስገባኋቸው። ነጠላውን ሲገልጡት ሽታው አስነጠሳቸው። በልጅነታቸው በጣራ ገዳም የአትክልት ቦታ ያገለገሉ ናቸው፣ ታውቂያለሽ። «ይህን ማን እንዲህ አድርግ አለህ?» አሉኝ። ጠበሉን፣ መሸፈኑን፣ ዓይኑን ሁሉ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ዋግ እርጥበትና የታፈነ ቦታ ይወዳል። አንተ ጨለማ ሰጠኸው፣ በየቀኑ አረጠብህለት። ጠበሉን መርጨት ካማረህ ምላስህን ትረጨው ነበር» አሉ። ለካ በብርቄ ላይ ያልሁትን ሰምተው ኖሯል።

ወደ በሩ ብርሃን አወጣነው። ነጥብ ያለበትን ቅጠል፣ አፈሩ ላይ የረገፈውንም ሳይቀር ለቅመን እሳት ውስጥ ጨመርነው። ሌላ ተክል ሥር ብትጥለው በሽታው ይዛመታል አሉኝ። የታመመውን ቅርንጫፍ ስቆርጥ ቢላዋውን በየመሐሉ እሳት ላይ አሳልፈው ነበር። ሰሙን በወስፌ ስበሳው የከረፋ ጥቁር ውኃ ወጣ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ብርቄ ጭቃው ሳይደርቅ በጣቷ በስታ «በዚህ በኩል ይተንፍስ» ብላሽ ነበር። ዓይኗ በላው ያልሁት ሴት መተንፈሻ አበጀችለት፤ እኔ ደፈንሁት።

አፈሩን በአሸዋ ደባልቄ ለወጥሁለት። ከዚያ ወዲህ ጣቴን አፈሩ ውስጥ አስገብቼ ደርቆ ሳገኘው ብቻ በማለዳ ሥሩን አጠጣዋለሁ፤ ቅጠሉን አላረጥበውም። ሦስት ቅርንጫፍ ተረፈ። ሙሉ ስትወልድ ከአዲሱ ቅጠል ላክሁላት። ተክሉ ዳነ፤ እኔ ግን ገና ነኝ።

ብርቄ ቤት ስሄድ ጭቃ ታቦካ ነበር። ይቅር በይኝ አልኋት። ቀና ሳትል «ለማን ነው የምትነግረው፣ ለጭቃው? በሰው ፊት የተናገርኸውን በሰው ፊት ተናገር» አለችኝ።

ሙት ዓመትሽ ዕለት ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ቆምሁ። ገና ስጀምር አንድ ሽማግሌ «ተወው፣ ሐዘን ነው ያናገረህ» አሉ። ልደብቅሽ አልችልም፤ ለአፍታ ከዚያ ቃል ሥር መጠለል አምሮኝ ነበር። ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ፣ ማለፊያ መንገድ ተከፍቶልኝ ነበር። ከዚያ «ሐዘን አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልሁና ሰሙንም፣ ጠበሉንም፣ ሁሉንም ተናገርሁ። ብርቄ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ሰማች። ከዝክሩ ሳትቀምስ ሄደች።

ቃሌን መለስሁ፤ ወሬው ግን አልተመለሰም። ወረታ ገበያ ሴቶች በብርቄ ሸክላ አጠገብ ሲያልፉ አሁንም የሕፃን ፊት ይሸፍናሉ። ድሮ እስከ ቀትር የምትጨርሰውን ሸክላ አሁን ማታ አዝላ ትመለሳለች። ስለዚህ በየገበያው ቀን ሄጄ ከሸክላዋ አጠገብ መቀመጥ ጀመርሁ። መጀመሪያ ዕለት «ገበያተኛ ትከልልብኛለህ፣ ወደዚያ ጠጋ በል» አለችኝ። ጠጋ አልሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልተናገረችኝም።

ባለፈው ሳምንት ሙሉ ልጇን ልታሳየኝ መጣችና ገበያ ይዣት ወረድሁ። ብርቄ ዘንድ ስንደርስ ሙሉ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጁን ፊት ሸፈነች። የኔ ልጅ፣ ስትወለድ ብርቄ የተቀበለቻት። በሐምሌ፣ ጤና አዳሙን የብርቄ ዓይን በላው ብዬ የላክሁላትን ወሬ እንደ ሰማች ይዛው ኖሯል፤ ማረሚያውን ግን እኔ አልላክሁላትም ነበር። ብርቄ አየች። አንድ ሸክላ አንሥታ በጣቷ አንኳኳችው፣ ድምፁን ሰምታ መልሳ አስቀመጠችው። ነጠላውን በራሴ እጅ ገለጥሁት፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ለልጄ ከመጀመሪያው ነገርኋት። ብርቄ እየሰማች ነበር።

አንጓቼ፣ አንቺን እንዳልረሳሽ ቃል መግባት አያስፈልገኝም፤ ብፈልግም አይሆንልኝ። ቃል የምገባልሽ በመንፈቅሽ ዕለት በራችን ላይ የተናገርሁትን እንዳልረሳ ነው። ሰው ሁሉ ቢረሳልኝ እንኳ እኔ እይዘዋለሁ፤ ብርቄ በራችንን አልፋ እስክትገባ፣ ከዚያም ወዲያ።

ባልሽ