የብርቄ ድርሻ

ሰኞ፣ ሰኔ 7 ቀን 1996

ተቃጠለ። የመጀመሪያው ዙር እንዳለ ከሰል ሆነ፤ የጎረቤት ፍየል እንኳ አሽትታ ጥላው ሄደች። የመጋገሪያ ምድጃ በሌለበት ቤት የአይብ ብስኩት እጋግራለሁ ያልኩት እኔው ነኝ ጥፋተኛዋ። ሶሎሎ ሚሽን ወጥ ቤት ስሠራ መነኩሲቷ በደህና ምድጃና በደህና የፈረንጅ አይብ፣ በፎርማጆ፣ ነበር የምትጋግረው። እኔ ያለኝ አንድ ጂኮ፣ የከሰል ማንደጃ፣ እና አንድ የተጣመመ ሱፉሪያ ድስት።

ሁለተኛው ዙር ግን ወጣልኝ፣ እሰይ! እንዳልረሳው ልጻፈው። ከኡራን ወተት የምታመጣልን የማማ ጉዮን እርጎ ንጦ ቅቤውን ማውጣት፣ አሬራውን አሙቆ አይቡን ማጥለል። ጨው ነስንሶ፣ በጨርቅ ቋጥሮ፣ ድንጋይ ጭኖ ሁለት ቀን ማቆየት፣ ውሃው ወጥቶ እስኪጠጥር። ከዚያ ፈርፍሮ ከዱቄት፣ ከቅቤና ከአንድ እንቁላል ጋር ማሸት። ሱፉሪያው ውስጥ ሦስት ጣት አሸዋ፣ አሸዋው ላይ የቆርቆሮ ሳህን፣ ክዳኑ ላይ ፍም። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አለመክፈት!! (ይሄ ለኔ ነው።)

ይህ ሁሉ ጣጣ ለሊያ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከወር ወዲህ ምግብ እንቢ ብላለች። ምሳዋን ይዛ ሄዳ ይዛው ትመለሳለች። የዩኒፎርም ቀሚሷ አሁን የሚቆመው በመርፌ ቁልፍ ነው። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ በሽታ አላገኘንባትም አሉ። ታዲያ ልጄን ምን እየበላት ነው? አባቷ ተስፋዬ ሎሪውን ይዞ ኢሲዮሎ ወርዷል፤ እስከ ዓርብ አይመጣም። ብቻዬን ሆኜ ፈርቻለሁ።

ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሽታው በር ላይ ተቀበላት። ሳቀች። አንድ በላች፣ ሙሉ አንድ! ሌላውን አነሳችና ጠርዙን በክብሪት እንጨት በስታ መልሳ አስቀመጠችው። ጨዋታ መሰለኝ። አንድ መብላቷ ነው ለኔ ቁም ነገሩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

ቀኑን ሙሉ ጉም። የሰፈሩ ሰው ድምፁ ይሰማል እንጂ መልኩ አይታይም።

አሥራ ሁለት ጋገርኩ። ሊያ አንዱንም ሳትቀምስ ደረደረቻቸው፣ ከዚያ የሁሉንም ጠርዝ አንድ በአንድ በሳች። ቀስ ብላ፣ ሥራ እንዳለበት ሰው። ምን እየሠራሽ ነው አልኳት። «ሁለት ጊዜ እንዳይወስዱ ነዋ» አለችኝ። እነማን? «ሰልፍ ላይ ያሉት።»

ክው አልኩ። ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ስንኖር ራሽን በተቀበልን ቁጥር የካርዳችንን ጠርዝ ይበሱት ነበር፣ አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይሰለፍ። ሊያ ዋልዳን አታውቅም። የተወለደችው እዚሁ ሞያሌ ነው፣ ከካምፕ ከወጣን ሁለት ዓመት አልፎን።

ማን ነገራት?
እኔ፦ በፍጹም።
ተስፋዬ፦ የዋልዳ ስም ሲነሳ ብድግ ብሎ ይወጣል እንጂ አያወራም።
ማማ ጉዮ፦ እዚያ መኖራችንን እንጂ ሌላ አታውቅም።
ትምህርት ቤት፦ ሕፃናት ስለ ራሽን ካርድ ምን ብለው ያወራሉ!

አንዱን ብስኩት ከበሩ ትይዩ ያለው መቀመጫ፣ ዱካው ላይ አስቀመጠችው። «እሷ ትቅደም» አለች። ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም? ሳህን አጥቤ ስመለስ ዱካው ባዶ ነበር። ድመት ናት። ድመት መሆን አለባት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9



ክዳኑን ላነሳ ስጎነበስ ከኋላዬ መጣች። «እማዬ፣ ብርቄ ፎርማጆ ትወዳለች?» አለችኝ። ክዳኑ ከነፍሙ አመለጠኝ፤ የቀሚሴ ጫፍ ተቃጠለ፣ እግሬም ትንሽ። ብርቄ የምትባል የለችም ብዬ ጮህኩባት። ሊያ «እሺ» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ባባብላት፣ ብቆጣት፣ ብለምናት ወይ ፍንክች።

ለወረቀት ያልነገርኩትን ለማን ልናገር? እነሆ።

ብርቄ የመጀመሪያ ልጄ ናት። አራት ዓመቷ ነበር። ዋልዳ ላይ ተቅማጥ ይዟት በሁለት ቀን አለቀች። ያለፈችው ራሽን በሚታደልበት ዕለት ጠዋት ነው። ካርዳችን ሦስት ሰው ይላል። ብናለቅስ ጎረቤት ይሰማል፣ ጎረቤት ከሰማ መዝጋቢው ይሰማል፣ ሦስቱ ሁለት ይሆናል። እና አላለቀስንም። ሰው ሁሉ ሰልፍ ላይ ሳለ ተስፋዬ በጋቢ ጠቅልሎ ወስዶ ቀበራት። እኔ? እኔ ካርዱን ይዤ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ልጅቷስ አለኝ አዳዩ። ተኝታለች አልኩት። ካርዱን በስቶ የሦስት ሰው ስንዴ ሰፈረልኝ።

ካምፑን እስክንለቅ አምስት ወር በላነው። አምስት ወር ሙሉ የልጄን ስንዴ ፈጭቼ ጋግሬ በላሁ። ሞያሌ ስንገባ ደግሞ የሚያውቃት ሰው የለም፤ አሁን ብናገር ምን ይሉኛል እያልኩ ዝም፣ ዝም፣ ዝም። አሥራ አንድ ዓመት። ስሟን በአፌ ጠርቼው አላውቅም፣ ለራሴም።

ሊያ ከየት አመጣችው?

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

አዝዬ ነው ክሊኒክ የወሰድኳት። የስምንት ዓመት ልጅ ጀርባዬ ላይ አልከበደችኝም። እስከ ሰኞ ካልበላች ተኝታ በግሉኮስ ትታከማለች አሉ። ስትወጣ ለነርሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ «አሳንቴ» ብላ አመሰገነቻት። ከኔ ጋር ግን አትነጋገርም።

ፍራሿን ሳነጥፍ ካርዱን አገኘሁት። የራሽን ካርዱን! ከብረት ሳጥኑ ስር፣ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር ነበር ያስቀመጥኩት። ጠርዙ ዙሪያውን ተበሳስቶ። ተቀመጥኩና ሳቅሁ፣ እንደ እብድ ሳቅሁ፤ ለካስ ከዚህ ነው! ልጅቷ ማንበብ ከቻለች ቆይታለች፣ ሳጥን በርብራ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ በቀስታ ጠየቅኋት። ስለ መበሳቱ ካርዱ ጀርባ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል አለችኝ። ቀጥላም «ሦስት ሰው ይላል፣ እኔ አልተወለድኩም ነበር» አለች።

እፎይ ብዬ ልነሳ ስል ካርዱን እንደገና አየሁት። የተስፋዬ ስም አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ሦስት የሚለው አለ። ሌላ ስም የለበትም። ከፊትም ከኋላም ገለበጥኩት። የለም።

ስሟን ማን ነገረሽ አልኳት። ወደ ዱካው አየች።  ዱካውን አውጥቼ ደጅ ወረወርኩት፤ ቆየሁና ሄጄ መለስኩት። ለምን እንደመለስኩት አላውቅም። ደጅ ብርድ ነው።

ከሰዓት ማማ ጉዮ ወተት ይዛ መጣች። «ማማ ሊያ፣ ሳሳ፣ እንዴት ነው፣ ልጅቷ የታለች?» አለች። ተኝታለች አልኩ። ያኔ ለአዳዩ ያልኩት ያው ቃል ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉን ዘረገፍኩላት፣ ሰልፉን፣ ስንዴውን፣ ሁሉን። ትጸየፈኛለች ብዬ ነበር። እሷ ጀሪካኗን አስቀምጣ ትከሻዬን ይዛ «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» አለችኝ። እዚህ አገር ሐዘንተኛ የሚባለውን። ለብርቄ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ሲቆይ ምን አለች? «አቦ፣ እናንተ ሃበሻዎች ሰው ሲሞት ጠዋት ተሰብስባችሁ ሄዳችሁ አይደል ለእናቱ የምትነግሩት? አንቺን ማን መጥቶ ነገረሽ?» ማንም አልኳት። «እንግዲያው አልተነገረሽም» አለች። መርዶ ይምጣልሽ ማለቷ ነው። የራሴን ልጅ ሞት! አሞኛል እንዴ ብዬ ልስቅ ነበር፤ አልሳቅሁም፤ ተስፋዬ ከገባ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኑ አልኳት።

ዓርብ፣ ሰኔ 11

ተስፋዬ ገባ። አቧራውን ሳይታጠብ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ለሰው ተናገርሽ? አሥራ አንድ ዓመት ይዘን? ብሎ በሩን ደበደበው። ቀጥሎ ጎማ እንደተነፈሰበት ሎሪ ቁጭ አለ። በዋልዳ በኩል ባለፈ ቁጥር ጡሩምባ እንደሚነፋ ነገረኝ። አንድ ጊዜ፣ ረዘም አድርጎ። ረዳቱ ከብት መስሎት መንገድ ላይ ይፈልጋል አለ። እኔና እሱ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ይህን አላውቅም ነበር!

ስሟን ለሊያ ነግረሃል? አልኩት። በእናቱ ማለ። እሱ ሲምል አውቀዋለሁ፤ ይሄኛው እውነተኛው መሐላ ነው።

ሊያ በማንኪያ ሦስት ጉንጭ ወተት ወሰደች። ሦስት። ሌላውን ተፋችው።

አንድ ነገር ልጻፍና ይውጣልኝ። ዛሬ ብስኩቱን ዱካው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሊያ አላየችኝም። ቆሜ ጠበቅኩ። ድመቷ መጣች፣ አሸተተች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ሳትነካው ሄደች። አልሸሸሁም። ብይ ልጄ አልኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እንደሚመጡ አውቃለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ከፈትኩ። ጉሙ ውስጥ ሴቶች ቆመዋል፣ ነጠላና ሻሽ ብቻ ነው የሚታየው፣ ፊት የለም። ስንት እንደሆኑ መለየት አልቻልኩም። አንዷ አጠር ያለች መስላኝ ነበር፣ ከመሃላቸው፣ እስከ ወገባቸው የምትደርስ። ሲገቡ ግን ሁሉም ትልልቅ ሴቶች ነበሩ፣ የሰፈራችን ሰዎች።

ማማ ጉዮ ቀድማ ገባች። ማማ ሊያ አላለችኝም። «ማማ ብርቄ» አለችኝ። «ማማ ብርቄ፣ ልጅሽ ብርቄ ዋልዳ ላይ አርፋለች።»

የማውቀውን ነው የነገሩኝ! በገዛ እጄ ዓይኗን የከደንኳትን! ግን ያኔ ነው የሞተችብኝ። ጮህኩ። ደረቴን ደቃሁ፣ ልጄን፣ እኔ ልደፋልሽ፣ ለሰልፍ ብዬ የተውኩሽ እያልኩ። ተስፋዬ ግድግዳውን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሴቶቹ ያላወቋትን ልጅ አብረውኝ አለቀሱ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ አንዷ ንፍሮ፣ አንዷ ሻይ ይዛ መጣች። ምን ይሉኛል ስል የኖርኩት ሰዎች «አይዞሽ» ነው ያሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት የፈራሁት ይሄን ነበር?

ሊያ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉን ታይ ነበር። አላለቀሰችም፣ አልፈራችም።

ሰዉ ምሳ ሰዓት ላይ ሳሳ ሲል መጥታ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች። አጥንቷ ይወጋል። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ጠየቀችኝ፦

«እማዬ፣ እኔ ብሞትስ ለሰው ትነግሪያለሽ?»

ለካ ይሄ ነው። አንድ ወር ሙሉ ልጄ ውስጥ የተቀመጠው ይሄ ነው። የኔ ልጅ ሞታም የምትደበቅ መስሏት። እናቷን እንዲህ ታውቃት ኖሯል። እንባዬ ደርቆ ስለነበር መልሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። እጮሃለሁ አልኳት። ሞያሌ ወዲህም ወዲያም፣ ከድንበሩ ኬላ ማዶ ድረስ እስኪሰማ እጮሃለሁ፤ ስምሽን እየጠራሁ፤ ማንም ዝም ሊያሰኘኝ አይችልም። ግን አትሞቺም።

«የብርቄንም ትጠሪያለሽ?» አለች። እጠራለሁ አልኩ፤ ብርቄ፣ ብርቄ፣ ብርቄ ብዬ ጠራሁላት። ቆጠረች።

ከዚያ ራበኝ አለች። ንፍሮ ሰጠኋት፣ አልፈለገችም፤ ከብስኩቱ አለች። ለቅሶ ቤት ውስጥ ጂኮ አቀጣጥዬ ጋገርኩ፣ ሴቶቹም አልተቆጡኝም፣ እንዲያውም ፍሙን ያራገቡልኝ እነሱ ናቸው። አጠገቧ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ሁለተኛዋን ጨርሳለች። ሦስተኛዋን ይዛ እያኘከች ነው፣ ቀስ ብላ፣ ወደ በሩ እያየች። ማንን እንደምታይ አልጠየቅኋትም።