በሰው ስልክ ላይ የሚወጣው ስሜ

ማክሰኞ፣ ጥር 8 ቀን 2010

ለሥራ ላንቴ ቀበሌ፣ ገበሬዎቹ ማሳ ላይ ዋልኩ። የሙዙ ቅጠል ላይ ያ ጥቁር ነጠብጣብ ተመልሷል። ገበሬዎቹ ውሃ አንሶት ነው ይላሉ፣ እኔ በሽታ ነው እላለሁ። የሰማኝ የለም። ጫማዬ ጭቃ ብቻ።

ከሰዓት ለታደለች ደወልኩ። የእጮኛዬ የዳዊት ታላቅ እህት፣ ጨንቻ ጋቢ የምትነግደው። የመጪው ሳምንት እሁድ፣ ጥር 20፣ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ሲመጡ ስንት እንደሚሆኑ እናቴ ጠይቂ ብላ አስጨነቀችኝ። ታደለች ቁጥሬ የላትም። አነሳች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ማን ልበል አለች። አዳነች ነኝ፣ የዳዊት፣ አልኳት። እንግዳ አለብኝ ብላ ዘጋችው። ድምጿ ደስ አላለኝም። ኔትወርኩ ይሆናል። የጨንቻ ብርድ ስልክም ያኮራምታል።

ሐሙስ፣ ጥር 10። ከተራ

ግማሽ ቀን ሥራ። ሾፌራችን አዲስ ስልክ ገዝቶ ሲፎክር አረፈደ። ሲቀላ ሰፈር ያለው ስልክ ቤት ያልጠየቀውን ሁሉ ጭኖለታል። አንዱ አፕ ያልመዘገበውንም ሰው ቢሆን ማን እንደሚደውል በስሙ ይነግረዋል። እስቲ ሞክሪው አለኝ። ሚስኮል አደረግኩለት።

«አዳነች ኤ.አር.ቲ» አለ ስክሪኑ።

ኤ.አር.ቲ ምንድን ነው አለኝ። ፕሮጀክት ነው አልኩት። አበል አለው ወይ አለኝ። የለውም አልኩ።

ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ማስታወሻዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ቫይረሱ አብሮኝ ነው የተወለደው። ከእናቴ፣ ከዳዊትና ከጤ/ጣቢያው ሰዎች በቀር ማንም አያውቅም። ስንት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብለን የኖርነውን! ኤ.አር.ቲ የምውጠው መድኃኒት ስም ነው፤ ሾፌሩ ባያውቀው ዕድሌ ነው። ታደለች ግን ታውቃለች። ጎረቤቷን በዚያው በሽታ ቀብራለች፣ ዳዊት ነግሮኛል። የእሷም ስልክ ያንኑ ስም አውጥቶላት ይሆናል፤ ማክሰኞ ለምን ዝም እንዳለች አሁን ገባኝ።

ከተማው ታቦት ሊሸኝ ወጥቷል። እኔ ተኝቻለሁ። ፈራሁ።

ሰኞ፣ ጥር 14። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ጤ/ጣቢያ። እንደዚያ ብሎ ሊመዘግበኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። ነርሷ ሲ/ር ዘነበች፣ የቀጠሮ ቀኔን እየደወለች የምታስታውሰኝ። ሕፃን ሳለሁ ክኒኑ ሲመረኝ ስኳር ታቀምሰኝ ነበር። ልጮህባት ነበር የሄድኩት።

ስልኳን አወጣችልኝ። እኛ አገር ሰው በአባቱ ስም አይመዘገብም። ቶማ ሙዝ፣ ታደሰ ባጃጅ፣ አልማዝ ጥለት። እሷም እንዳይምታታባት እኛን እንደዚያው አድርጋናለች። ሁለት አዳነች አሉኝ፣ አንዷ ቅቤ ነው የምትሸጠው አለችኝ። ያንን አፕ የጫነላት ልጇ ነው። ሲከፈት ስልክ ቁጥሮችሽን ልይ፣ መልእክትሽን ላንብብ፣ ያለሽበትን ልወቅ ብሎ ጠየቃት፣ በእንግሊዝኛ። ፍቀጂ አላት ልጇ። ካልፈቀደች አይከፈትም። ፈቀደች። ያኔ እሷ የመዘገበችን ስም ሁሉ አፑ ወስዶ ለሌላው ሰው ስልክ አሳየው።

እሷን ጠየቋት። ስሙ ግን የእኔ ነው፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። በዚያ ስልክ ውስጥ ያለነው ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ሲ/ር ዘነበች ነጭ ጋወኗን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አልጮህኩም። ሁሉንም ደውላ እንድትነግራቸው ለመንኳት። እሺ አለች።

ከዚያ ስልክ ቤት። ባለሙያው ቁጥሬን ከዚያ ነገር ላይ ማስጠፋት ይቻላል አለ። ያየው ሰው ግን አይቶታል አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ትል የለ እናቴ። ነገ እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 17

አልተመለስኩም። ጉልበት አጣሁ።

ዳዊት ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣ። ጁስ ቤት ተቀመጥን፣ አቮካዶው ሳይነካ ጠቆረ። ቤተሰቡ ከታደለች ሰምቷል። ሽማግሌዎቹ እሁድ አይመጡም። አባቱ ታውቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት።

አላውቅም ነበር ብሏቸዋል።

ደግሞ ይለምነኛል። ታደለች ከደወለች ደብቄው ነው በያት ይላል። ለጊዜው ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ይረጋጋሉ፣ ያኔ አስታርቃችኋለሁ ይላል። አባቱ ልባቸውን ያማቸዋል።

ማስታወሻዬ፣ አብሮኝ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ ነበር እኮ። መድኃኒትሽን በአግባቡ ስለምትወስጂ ጤነኛ ልጅ ትወልዳላችሁ ሲለን፣ መንታ ይሆናል ወይ ብሎ ሐኪሙን ያሳቀው እሱ ነው። ሲ/ር ዘነበች በር ላይ ቆማ ስቃለች። አሁን እኔ ልጃቸውን ልገድል የመጣሁ ውሸታም ሆንኩ። ከበሽታው ይልቅ ይሄ አመመኝ። እወደዋለሁ፣ እሱም ነው የሚያናድደኝ።

አስብበታለሁ አልኩት። እጄን ሊይዝ ሲል ሳብኩ።

እሁድ፣ ጥር 20። ከቀኑ 8 ሰዓት

እናቴ ለሽማግሌዎቹ የተዋሰችውን ወንበር ለጎረቤት እየመለሰች ነው። አንድ በአንድ፣ በራሷ ትከሻ። ላግዝሽ ስላት አይሆንም አለች። ለምን ቀረ ለሚላት አጥር ጥግ ቆማ ሐዘን ገጥሟቸው ነው ትላለች። ለሽማግሌዎቹ ቦርዴ ልትጠምቅ ያበቀለችውን ብቅል ጓዳ አስገባችው። ስታልፍ ጸጉሬን ነካ አደረገችኝ።

ዳዊት መልእክት ልኳል። ዛሬ ታደለች ትደውልልሻለች፣ አደራሽን፣ የተባባልነውን።

ምን ተባባልን?

ወሰንኩ። እስክትደውል አልጠብቅም። ሌላ ሲም የለኝም፣ ከእናቴም ስልክ አልደውልም። በዚሁ ቁጥር ነው። ስሜ እንደዚያው ይውጣባት፣ እሱስ እውነት ነው። ውሸቱን ግን አልሸከምም። ዳዊት ያውቅ ነበር እላታለሁ። ካላመነች ሲ/ር ዘነበችን ትጠይቅ። ከዚያ በኋላ ዳዊት አይመለስም፣ ይህንንም አውቄዋለሁ።

ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ደብተሩ ጎን አስቀመጥኩት። እስክታነሳ እየጻፍኩ ነው።

እየጠራ ነው። ቀድሞኝ የደረሰውን ስም አሁን እያየችው ነው። የቀረውን እኔ ራሴ ልነግራት... አነሳች