የአባባ ጀሪካን

ለልጄ ለፅዮናዊት፦ ብርዱ ይራራልሽ፣ የእንጀራሽ መንገድ ይቅና። እኛ ደህና ነን። ጥቅምት ገብቶም ሙቀቱ አልለቀቀንም፤ መብራትም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ጎረቤታችን ሐዲጃ ጉልበቷን አሟት ነበር፣ ተሽሏታል፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። በላክሽው ፎቶ ላይ አንገትሽ ባዶ ነው፤ ሞንትሪያል ሻርፕ አይሸጥም እንዴ?

ትናንት ዓረብ አገር ለመሻገር በእግር የሚጓዙት መንገደኞች እንደ ልማዳቸው በዋራበሌ መንገድ ወደ ባሕሩ ሲያልፉ፣ አንዲት ልጅ ከበራችን ቆመች። አያትሽ አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እርጥብ ጆንያ እያለበሱ ደጅ የሚያስቀምጡት ጀሪካን አሁንም እዚያው ነው። ጣሳውን ሞልቼ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ስትጠጣ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ በአባባ ጊዜ ጣሳውን የምታቀብዪው አንቺ ነበርሽ።

አባባ የመንገደኛውን ስም አይጠይቁም ነበር። "እናትህ ማን ትባላለች?" ነው የሚሉት። ሲመሽ ቆመው ሲጸልዩ የእናቶቹን ስም ይጠራሉ። አንድ ቀን "ለምን ልጆቹን አትጠራም?" ብትያቸው፣ "ልጁማ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ያልጠጣችው እናቱ ናት" አሉሽ።

እኔም ልጅቷን እንደ እሳቸው ጠየቅኋት። "ሲምቦ" አለችኝ። ማታ ያቺን የማላውቃትን ሲምቦን በጸሎቴ ጠራኋት፤ ሐዲጃም ከጎኔ ተቀምጣ አሚን አለች።

እመቤቴ በጥላዋ ትጋርድሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ በዚያ አገር ውሃ የሚያቀብልሽ ሰው ካገኘሽ፣ ስሜን ንገሪልኝ።

እናትሽ ባፈና